የባሕር ዓሣ በሽታ በቤት ገንዳ፦ መለየትና ማከም

በባሕር ዓሣ ገላ ላይ የሚታይ ነጭ ነጥብ የክሪፕቶካርዮን፣ የአሚሎኦዲኒየም ወይም የሊምፎሲስቲስ ምልክት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የውኃውን ጨው በመቀነስ ሊጠፋ ይችላል፤ ሁለተኛው በዚህ ዘዴ አይበገርም፤ ሦስተኛው ከነጭራሹ መድኃኒት አያሻውም። በቤት ውስጥ የጨው ውኃ ገንዳ ብዙ ዓሣ የሚያልቀው መድኃኒት ታጥቶ ሳይሆን የአንዱ በሽታ መድኃኒት ለሌላው ስለሚሰጥ፣ ወይም ትክክለኛው ከረፈደ በኋላ ስለሚደርስ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ይቆማል፦ በሽታው የትኛው ነው? ሕክምናውስ የት ይሰጥ? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው አያንስም፤ ተውሳክ የሚገድሉት መድኃኒቶች አብዛኞቹ ኮራሉን፣ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውንም ይገድላሉና።

ጠባብ ውኃ፣ የደከመ ዓሣ

በባሕር ውስጥ ጨርሶ ተውሳክ የሌለበት ዓሣ ማግኘት ያስቸግራል። እዚያ ግን ከዓሣው ገላ የወረደው ተውሳክ የሚፈለፍላቸው እጮች በሰፊው ውኃ ተበትነው አብዛኞቹ ዓሣ ሳያገኙ ያልቃሉ። 300 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ግን የሚፈለፈሉት በጥቂት ሰዓት እዚያው የታጎሩትን ዓሦች ያገኛሉ፤ በየዙሩም ቁጥራቸው እየተባዛ ይሄዳል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ የነበረበት ዓሣ ከሳምንታት በኋላ ገላው በሙሉ የሚሸፈነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓሣው ራሱ ተዳክሞ መምጣቱ ችግሩን ያብሰዋል። እንደ ክላውንፊሽ ያሉት በሰው እጅ በብዛት ቢራቡም፣ ለቤት ገንዳ ከሚሸጡት የባሕር ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ አሁንም ከዱር ይያዛሉ። በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ የኮራል ሪፎች ዓሣን በሳያናይድ አደንዝዞ መያዝ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል፤ እንዲህ የተያዘ ዓሣ ቁስል ሳይታይበት ሊሞት ይችላል። ጉዞውም የራሱ ጣጣ አለው። በታሸገ ፌስታል ውስጥ ዓሣው የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውኃውን ፒኤች ያወርዳል፤ ፒኤች ሲወርድ የተጠራቀመው አሞኒያ መርዛማነቱ ይቀንሳል። ፌስታሉ ተከፍቶ ጋዙ ሲወጣ ፒኤቹ ተመልሶ ያድግና ያው አሞኒያ የዓሣውን ስንጥብ የሚያቃጥል መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ረጅም መንገድ የመጣን ዓሣ ፌስታሉን ከፍቶ በዚያው ውኃ ለሰዓታት ማላመድ ይጎዳዋል፤ ሙቀቱን ካመጣጠኑ በኋላ ተመሳሳይ ጨዋማነት ወዳለው ንጹሕ ውኃ ቶሎ ማዛወር ይሻላል።

መጀመሪያ ውኃው

ምርመራ ከዓሣው በፊት ከውኃው ይጀምራል። ለአብዛኞቹ የሞቃት ባሕር ዓሦች የሚስማማው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤች ከ8.0 እስከ 8.4፣ አንጻራዊ ጥግግት ከ1.023 እስከ 1.026 ነው። አሞኒያና ናይትራይት በመመርመሪያ ጨርሶ መታየት የለባቸውም። በአዲስ ገንዳ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪደላደሉ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት የገባ ዓሣ በሽታ የያዘው የሚመስለው ተመርዞ ሊሆን ይችላል። አሞኒያ በጨው ውኃ የሚከፋው በፒኤቹ ምክንያት ነው፦ በፒኤች 7 ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ በ8.2 ግን በብዙ እጥፍ ያድጋል። ናይትራይት በአንጻሩ በጨው ውኃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ወደ ዓሣው ደም እንዳይገባ ስለሚሻማው፣ በወንዝና በሐይቅ ዓሣ ላይ የሚያደርሰውን ያህል ጉዳት አያደርስም። ኦክስጅንም መዘንጋት የለበትም፤ በተመሳሳይ ሙቀት የባሕር ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ጨው ከሌለበት ውኃ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል።

የሕመሙ አመጣጥ ብዙ ይናገራል። የተለያየ ዝርያ ያላቸው ዓሦች ሁሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በአንድነት ከታመሙ ጥርጣሬው ወደ ውኃው ይሄዳል፦ የአሞኒያ መጨመር፣ የኦክስጅን እጥረት፣ የሙቀት መለዋወጥ ወይም በክፍሉ ውስጥ የተረጨ የትንኝ ማጥፊያ። አንዱ ታሞ በቀናት ልዩነት ሌሎቹ ከተከተሉ ተላላፊ በሽታ ይታሰባል። አንድ ዓሣ ብቻ ክንፉ ተቀዶ ወይም ቅርፊቱ ተነቅሎ ከታየ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የገንዳው ጠብ ነው።

ዓሣውን ማየት

ውኃው ደኅና ከሆነ ቀጣዩ ሥራ ዓሣውን ሳይነኩ በጽሞና መመልከት ነው። የአተነፋፈስ ፍጥነት ከቆዳ ምልክት ይቀድማል፤ አደገኞቹ ተውሳኮች መጀመሪያ የሚሰፍሩት ስንጥብ ላይ ነውና። አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ፣ ከውኃ መግፊያው ፊት ለፊት ወይም ከገጹ አጠገብ የሚቆም ዓሣ ገላው ንጹሕ ቢመስልም በአስቸኳይ የሚታይ ነው። በድንጋይ ላይ ገላን ማሸት ቆዳ ላይ የሚያሳክክ ነገር መኖሩን ይጠቁማል። የአንድ ዓይን ማበጥ በአብዛኛው ከግጭት የሚመጣ ሲሆን፣ የሁለቱም ማበጥ የውስጥ ኢንፌክሽንን ወይም በውኃው ውስጥ የተትረፈረፈ ጋዝን ያሳስባል። የምግብ ፍላጎት እያለው የሚከሳ ዓሣ የአንጀት ተውሳክ ወይም የቆየ የባክቴሪያ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ክፍሉን አጨልሞ በባትሪ ከጎን ማብራት በቀን የማይታየውን ደቃቅ ሽፋን ያሳያል።

አምስቱ ዋና ተውሳኮች

ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የባሕር ነጭ ነጥብ በሽታን የሚያመጣ ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጃፓን ሲካማ ገለጸው፤ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1951 ነው። የሕይወት ዑደቱን ማወቅ የሕክምናውን ግማሽ ማወቅ ነው። ተውሳኩ ከዓሣው ቆዳ ሥር ከ3 እስከ 7 ቀን ይመገባል፤ በዓይን የሚታየው የጨው ፍሬ የሚያህል ነጥብ ይህ ነው። ከዚያ ዓሣውን ለቆ ወደ ታች ይወርድና በድንጋይ ወይም በአሸዋ ላይ ጠንካራ ሽፋን ሠርቶ በውስጡ ይከፋፈላል። ከአንዱ ሽፋን እስከ 200 የሚደርሱ ዋናተኛ እጮች ይወጣሉ፤ የሚወጡትም በአብዛኛው በጨለማ፣ ዓሦቹ በሚያርፉበት ሰዓት ነው። ሽፋኑ በ3 ቀን ሊፈነዳ ይችላል፤ እስከ 72 ቀን የቆየም ተመዝግቧል። ነጥቦቹ ከዓሣው ላይ በድንገት ሲጠፉ ብዙዎች ዳነ ብለው ሕክምና የሚያቆሙት በዚህ ነው። በዚያን ጊዜ ተውሳኩ የሄደው ለመራባት ነው።

አሚሎኦዲኒየም ኦሴላተም ቬልቬት በሚባለው ስሙ ይታወቃል፤ ከሁሉም የከፋው ገዳይ ነው። በሥር መሰል አካሉ የዓሣውን ሕዋሳት ሰርስሮ ይይዛል። ዓሣውን ለቆ ሲከፋፈል ከአንዱ እስከ 256 እጮች ይወጣሉ። በቆዳ ላይ ሲታይ ወርቅማ ወይም ግራጫ ደቃቅ ትቢያ ይመስላል፤ ብዙ ዓሣ ግን ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ በስንጥብ ጉዳት ይሞታል። ፈጣን አተነፋፈስ፣ ከብርሃን መሸሽና የምግብ ፍላጎት መጥፋት አብረው ከታዩ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ቬልቬት ነው ብሎ መነሣት ያዋጣል፤ ከምልክቱ እስከ ሞት ያለው ጊዜ የቀናት፣ አንዳንዴም የሰዓታት ነውና።

ብሩክሊኔላ ሆስቲሊስ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በሎምና በኒግሬሊ የተገለጸው፣ ከዱር በተያዙ ክላውንፊሾች ላይ ይበረታል። ምልክቱ ነጥብ ሳይሆን ከገላው የሚላጥ ወፍራም ነጭ ልጋግ ነው። ይህ ተውሳክ ከዓሣው ውጭ የሚያሳልፈው የሽፋን ደረጃ የለውም፤ እዚያው ገላው ላይ ለሁለት እየተከፈለ ስለሚራባ በጥቂት ቀናት ይገድላል። መዳብ አያጠፋውም።

ዩሮኔማ ማሪነም በተለይ በክሮሚስ ዓሦች ጎን ላይ ቀይ ቁስል ሆኖ ይታያል። የግድ ዓሣ አያስፈልገውም፤ ባክቴሪያና የበሰበሰ ነገር እየበላ በገንዳ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ገንዳን ከዓሣ ባዶ በማድረግ አይጠፋም። ወደ ጡንቻና ወደ ውስጥ አካል ከዘለቀ በኋላ በውኃ የሚሰጥ መድኃኒት ስለማይደርስበት የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ነው።

አምስተኛው ጠፍጣፋ ትሎች ናቸው። ከእነርሱ ዋነኛው ኒዮቤኔዴኒያ ሲሆን፣ ቀድሞ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1927 በኒውዮርክ አኳሪየም ዓሦች ላይ ነው። ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆንም ገላው ብርሃን ስለሚያሳልፍ በዓሣው ላይ እያለ አይታይም፤ የሚታየው የደፈረሰ ዓይንና የተጎዳ ቆዳ ነው። ዓሣው ጨው በሌለው ውኃ ለ5 ደቂቃ ሲነከር ትሎቹ ነጭ ሆነው ይረግፋሉ፤ ይህም ምርመራም ማስታገሻም ይሆናል። እንቁላሎቹ ግን ክር መሰል ጫፋቸው ከገንዳው ዕቃ ጋር ተጠላልፎ ይቀራሉ።

ባክቴሪያ፣ ቫይረስና ተላላፊ ያልሆኑ ሕመሞች

የባክቴሪያ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጉዳት የከፈተውን በር ተከትሎ ይገባል። የቪብሪዮ ዝርያዎች የተበላ ክንፍ፣ ቀይ የደም መስመር፣ ቁስልና የሆድ ማበጥ ያመጣሉ። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1926 በፊላደልፊያ አኳሪየም ከሞቱ የባሕር ዓሦች ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ ዓሣውን ቀስ በቀስ ያከሳል፤ አስተማማኝ ሕክምና የለውም። ይህ ባክቴሪያ በተቀደደ ቆዳ በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል። በእጅና በክንድ ላይ የሚያመጣው እባጭ ለወራት ሳይድን ስለሚቆይና ሐኪም ካልተነገረው በቀር ስለማይጠረጥረው፣ ቁስል ያለበት እጅ ያለ ጓንት ገንዳ ውስጥ መግባት የለበትም።

ሊምፎሲስቲስ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ የዓሣውን የቆዳ ሕዋሳት እጅግ አሳድጎ በክንፍ ጠርዝና በአፍ ዙሪያ አበባ ጎመን የሚመስል ነጭ እብጠት ያወጣል። ከክሪፕቶካርዮን የሚለየው እብጠቱ ቅርጹ የተዛባና ለሳምንታት ቦታ ሳይቀይር የሚቆይ በመሆኑ ነው። መልካም ምግብና ጭንቀት የሌለበት ገንዳ ካገኘ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ መዳብ መስጠት ዓሣውን ያለ ጥቅም ማዳከም ነው። በሰርጅንፊሽና በኤንጅልፊሽ ጭንቅላትና የጎን መስመር ላይ የሚታየው የቆዳ መሸርሸርም ተላላፊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ሙከራ ከሊግናይት የተሠራ የማጣሪያ ካርቦን በሰርጅንፊሽ ላይ ይህንኑ መሸርሸር አምጥቷል፤ የምግብ ጉድለትም በምክንያትነት ይጠቀሳል። መፍትሔው ካርቦኑን ማንሣትና አመጋገቡን ማሻሻል ነው።

ማይክሮስኮፕ የሚለየው

በዓይን የሚደረግ ግምት ወሰን አለው። ከ40 እስከ 100 ጊዜ የሚያጎላ ተራ ማይክሮስኮፕ ካለ፣ ከዓሣው ገላ በደነዘዘ ጠርዝ በጥቂቱ የተጠረገ ልጋግ በገንዳው ውኃ ጠብታ ላይ ተደርጎ ወዲያው ይታያል። ቢዘገይ ተውሳኮቹ ይሞታሉ፤ የማይንቀሳቀስ ሕዋስ ደግሞ ለመለየት ይከብዳል። ክሪፕቶካርዮን ትልቅ፣ ጥቁረት ያለውና በዝግታ የሚሽከረከር ነው። አሚሎኦዲኒየም ከቆዳው ጋር ተጣብቆ የሚቆም፣ ክብ ወይም ሞላላ ቡናማ ሕዋስ ነው። ብሩክሊኔላ የኩላሊት ቅርጽ ይዞ ይንሸራተታል፤ ዩሮኔማ አነስ ያለ፣ እንባ መሰልና ፈጣን ነው። ትሎቹ በዝቅተኛ ማጉያም ይታወቃሉ።

ሕክምናው የት ይሰጥ

መዳብ፣ ፎርማሊንና ክሎሮክዊን ኮራልና ሌሎች አከርካሪ አልባ እንስሳት ባሉበት ገንዳ አይጨመሩም። በተለይ መዳብ ከኮራል ድንጋይና አሸዋ ጋር ስለሚጣበቅ መጠኑ ለመድኃኒትነት ከሚበቃው በታች ይወርዳል። ስለዚህ ዓሦቹ ሁሉ፣ ጤነኛ የሚመስሉትም ጭምር፣ ወደ ሕክምና ገንዳ ይወጣሉ። ይህ ገንዳ አሸዋና ድንጋይ የሌለበት፣ ማሞቂያ፣ የአየር መንፊያ፣ ባክቴሪያ አስቀድሞ የሰፈረበት ስፖንጅ ማጣሪያና ለመደበቂያ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጮች ያሉት ነው። አሞኒያው በየቀኑ ይለካል፤ ካርቦን ይወጣል።

መዳብ በክሪፕቶካርዮንና በአሚሎኦዲኒየም ላይ ይሠራል። የሚገድለው ግን ዋናተኛውን እጭ ብቻ ነው፤ በቆዳ ሥር ያለውንም በሽፋን ውስጥ ያለውንም አይነካም። በመሆኑም መጠኑ አንድ ቀን እንኳ ሳይወርድ ቢያንስ ለ14 ቀን፣ ለጥንቃቄ እስከ 30 ቀን መቆየት አለበት። በነጻ አዮን መልክ የሚሰጠው መዳብ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም በሊትር ነው፤ ከሌላ ውህድ ጋር ታስሮ የሚሸጠው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ የዕቃው መመሪያና ለዚያው ዓይነት የተሠራ መመርመሪያ ያስፈልጋል። በሚያድነውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። አሞኒያ የሚያስሩ አንዳንድ ኬሚካሎች ከመዳብ ጋር ሲገናኙ መርዛማነቱን ስለሚጨምሩ፣ የአሞኒያ መፍትሔው ውኃ መቀየር ነው። ሻርክና ሬይ መዳብን አይችሉም።

ለወባ ሕክምና የሚታወቀው ክሎሮክዊን በፎስፌት መልኩ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በሊትር ሲሰጥ በእነዚሁ ሁለት ተውሳኮች ላይ ይሠራል፤ ብዙ ዓሣም ከመዳብ ይልቅ ይችለዋል። ጉድለቱ በቤት ውስጥ መጠኑን መለካት አለመቻሉና በአንዳንድ ገንዳ ባክቴሪያ በፍጥነት መፍረሱ ነው።

ጨው መቀነስ ከእነዚህ ከሁለቱ ለክሪፕቶካርዮን ብቻ የሚሆን ዘዴ ነው። አንጻራዊ ጥግግቱ በሁለት ቀን ገደማ ወደ 1.009 ይወርድና ለ30 ቀን ሳይዛነፍ ይቆያል፤ ሲመለስ ግን ሳምንት ያህል ሊፈጅ ይገባል። በየቀኑ በተስተካከለ ሪፍራክቶሜትር መለካት ግዴታ ነው። ፒኤቹ እየወረደ ስለሚሄድ እርሱም ይጠበቃል። ዘዴው ሁልጊዜ ዋስትና አይደለም፤ በታይዋን እጅግ ዝቅተኛ ጨው የሚችሉ የክሪፕቶካርዮን ዝርያዎች ተገኝተዋል።

በማዛወር ማከም መድኃኒት አይፈልግም። ዓሣው በየ72 ሰዓቱ ወደ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ወደቆየ ሌላ ገንዳ ለ4 ጊዜ ይዛወራል። ከገላው የወረደው ክሪፕቶካርዮን ሽፋኑ ከመፈንዳቱ በፊት ስለሚተወው፣ በ12 ቀን ገደማ ዓሣው ነጻ ይወጣል። አሚሎኦዲኒየም ግን ዑደቱ ፈጣን ስለሆነ ይህ ዘዴ ከእርሱ አያድንም።

ለብሩክሊኔላ የተመረጠው ፎርማሊን ነው፤ 37 ከመቶ ፎርማልዲሃይድ የያዘው ፈሳሽ ለ1000 ሊትር ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሊትር በሚሆን ስሌት በተለየ ዕቃ ይቀላቀልና ዓሣው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይነከርበታል። ኦክስጅን ስለሚቀንስ አየር በብርቱ ይነፋለታል፤ የዓሣው ሚዛን ከተዛባ ወዲያው ይወጣል። ነጭ ዝቃጭ የሠራ ፎርማሊን እጅግ መርዛማ ስለሆነ ይጣላል። ትነቱ ለሰውም ጎጂ ነው፤ ጓንትና ነፋሻ ቦታ ይጠይቃል። ጨው በሌለው ውኃ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መንከር፣ ሙቀቱና ፒኤቹ ከገንዳው ጋር ከተመጣጠነ፣ ብሩክሊኔላንና ትሎችን ያቀልላል እንጂ ብቻውን ፈውስ አይሆንም። ለጠፍጣፋ ትሎች ፕራዚኳንቴል ይሰጣል፤ እንቁላሉን ስለማይገድል ከሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል።

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ላይ የጨው ውኃ የራሱ ጠባይ አለው። ቴትራሳይክሊንና ኦክሲቴትራሳይክሊን በውኃው ካሉት ካልሲየምና ማግኒዥየም ጋር ስለሚተሳሰሩ ውኃ ውስጥ ቢጨመሩ ብዙ አይጠቅሙም፤ ዓሣው የሚበላ ከሆነ በምግብ መስጠት ይሻላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እነዚህ መድኃኒቶች ለእንስሳ የሚሸጡት በሐኪም ትእዛዝ ነው። ትክክለኛውን ለመምረጥ ከቁስሉ ናሙና ወስዶ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ ከሁሉ የታመነው መንገድ ነው።

ባዶው ገንዳና አከራካሪዎቹ መፍትሔዎች

ዓሦቹ ሲታከሙ ዋናው ገንዳ ኮራሉንና ቀንድ አውጣውን እንደያዘ ያለ ዓሣ ይቆያል። ለክሪፕቶካርዮን በልማድ የሚመከረው 76 ቀን የሽፋኑን ረጅም ዕድሜ መሠረት ያደረገ ነው፤ ለአሚሎኦዲኒየም 6 ሳምንት ያህል በቂ ተደርጎ ይወሰዳል። አንድ ዓሣ እንኳ ከቀረ ቆጠራው ዋጋ የለውም።

ይህን ድካም ለማስቀረት የሚቀርቡ አማራጮች ሲመዘኑ አብዛኞቹ ይቀልላሉ። ነጭ ሽንኩርት የዓሣውን የምግብ ፍላጎት ሊያነሣሣ ይችላል እንጂ ተውሳኩን ከገንዳ አያጠፋም። ለኮራል አይጎዱም ተብለው የሚሸጡ መድኃኒቶች ደካማ የሆነውን እጭ የሚገድል ኃይል ካላቸው ኮራሉንም የሚምሩበት ምክንያት የለም። የአልትራቫዮሌት መብራት የሚገድለው በውስጡ የሚያልፈውን እጭ ብቻ ስለሆነ ጫናውን ይቀንሳል፤ በሽታውን አይነቅልም። ተውሳክ ለቅመው የሚበሉ ዓሦች ከላይ የተጣበቁ ትሎችን ያነሣሉ፤ ከቆዳ ሥር የተቀበረውን ክሪፕቶካርዮን ግን አያገኙትም። ሙቀትን መጨመር የተወሰደው ከሐይቅ ዓሣ ሕክምና ነው፤ በባሕር ገንዳ ውስጥ ዑደቱን ያፋጥናል፣ ኦክስጅኑንም ይቀንሳል። ከክሪፕቶካርዮን የተረፉ ዓሦች እስከ 6 ወር የሚቆይ ከፊል መከላከያ እንደሚያገኙ በሙከራ ታይቷል። ምልክት የጠፋበት ገንዳ ነጻ የሆነ የሚመስለውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው፤ አዲስና መከላከያ የሌለው ዓሣ ሲገባ በሽታው ይመለሳል።

ለይቶ ማቆያ

ከላይ የተዘረዘረው ሕክምና ሁሉ በአንድ ገንዳ አስቀድሞ ሊቃለል ይችላል። አዲስ የመጣ ዓሣ እንደ ሕክምናው ገንዳ በተዘጋጀ ለይቶ ማቆያ ቢያንስ 30 ቀን ይቀመጣል። አንዱ ወገን ዓሣውን እያዩ ምልክት ሲመጣ ብቻ ማከምን ይመርጣል፤ ሌላው ምልክት ሳይጠብቅ መዳብና ፕራዚኳንቴል ይሰጣል። የመጀመሪያው ዓሣውን ከመድኃኒት ጉዳት ያድናል፣ ነገር ግን በስንጥብ የተደበቀ ተውሳክ ሊያመልጠው ይችላል፤ ሁለተኛው ለቬልቬት ፈጣንነት መልስ አለው፣ ሆኖም የደከመውን ዓሣ ሊጎዳ ይችላል። ከዱር ለተያዙ ሰርጅንፊሾች ሁለተኛው፣ መዳብን ለማይታገሡ ስስ ዝርያዎች የመጀመሪያው ይስማማል።

መረቡ፣ ባልዲውና የመለኪያ ዕቃው ለማቆያው የተለየ ይሆናል። ማቆያው ከዋናው ገንዳ በ3 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይርቃል፤ የአሚሎኦዲኒየም እጮች በአየር በሚበተኑ ጥቃቅን ጠብታዎች ሊጓዙ እንደሚችሉ በሙከራ ተረጋግጧልና። ኮራል፣ ቀንድ አውጣና እርጥብ ድንጋይም በላያቸው የተውሳክ ሽፋን ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ዓሣ በሌለበት ውኃ ለዋናው ገንዳ የተቀመጠውን ያህል ጊዜ ይቆያሉ። ዓሣው ወደ ዋናው ገንዳ የሚገባው ቀኑ ስለሞላ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ ከውኃው ከወጣ በኋላ በደንብ እየበላ፣ በእርጋታ እየተነፈሰና ምልክት ሳያሳይ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ነው።